ለፋሲካ ድንች

ስልኬ ሲጮህ ሮስቶ እየቆረጥኩ ነበር። እጄ ጓንት ውስጥ ነው፣ አላነሳሁትም። ደግሞ ጮኸ። "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ሰው ሥራ ላይ ይሆናል አትሉም?" እያልኩ ጓንቱን አውልቄ ሳየው ኩለኒ ናት፣ የአዴ ጫልቱ ልጅ፣ ከባኮ። "ጥሩዬ፣ እማዬ!" ብላ ለቅሶ ጀመረች። ሌላ ነገር መናገር አላስፈለጋትም።

ወዲያው አላለቀስኩም። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ ሄጄ ፍሪጁን ከፈትኩና የውስጡን ግድግዳ በእጄ ጀርባ ነካሁት። አዴ ጫልቱ ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ፣ እንዴት አደራችሁ እንኳን ሳትል የምታደርገው እሱን ነበር። እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትዳስሰው። ቴርሞሜትሩ ውስጡ ተሰቅሏል፣ እሱንም ታየዋለች፣ መንካቱን ግን አልተወችም። ሞቅ ካለባት "ዛሬ ትኩሳት አላት" ትላለች ስለ ፍሪጇ። እጄን እዚያ ቀዝቃዛው ላይ እንዳደረግሁ እንባዬ መጣ። አንዱ መንገደኛ በመስኮት "እህት፣ ሳንዱቹ! መኪናው ሊሄድብኝ ነው!" ይላል። ሳንዱች ይብላህ፣ አልኩት በሆዴ።

ሆቴላችን አምቦ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አውቶቡስና ሚኒባስ ይቆምልናል፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆችም ይመጡልናል፣ ታዋቂነታችንም በዚሁ በቀዝቃዛ ሮስቶ ሳንዱች ነው። ሥጋው ይበስላል፣ ይበርዳል፣ ፍሪጅ ይገባል፣ ከዚያ በማሽን እየተቆረጠ ዳቦ ውስጥ ይገባል። የዚያ ክፍል አለቃ አዴ ጫልቱ ነበረች። እኔ ስቀጠር "እርስዎ" ብያት ነበር፤ ቀና ብላ አይታኝ "አንቱታሽን ለአማትሽ አስቀምጪው፣ እዚህ ሥራ አለ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንደ እናቴ አንቺ እላታለሁ፣ ግን አዴ ማለቱን አልተውኩም። አዴ በኦሮምኛ የክብር ነው፣ እትዬ እንደማለት።

አጭር ናት፣ ደልደል ያለች፣ ፀጉሯ ሁልጊዜ በነጭ ጨርቅ የታሰረ። ሰው ሽቶ ይሸታል፣ እሷ በረኪና ነበር የምትሸተው። እጇ በበረኪናና በፈላ ውሃ ተሰነጣጥቆ ቫዝሊን አይበቃውም። ማታ ማታ የመቁረጫ ማሽኑን ምላጭ አውልቃ፣ ብሎኑን ፈታታ፣ ሰው የማያየውን ስርጉጥ ሁሉ ትፈገፍጋለች። የፍሪጁን በር ጎማ እጥፋቱን ገልብጣ በጨርቅ ስትጠርግ ያየ ሰው የልጅ ጆሮ የምታጸዳ ይመስለዋል። ጥሬ ሥጋና የበሰለ ሥጋ አንድ ፍሪጅ ውስጥ አይታሰብም፣ ቢላቸውም ለየብቻ ነው። አንዴ የጥሬውን ቢላ አንስቼ ሮስቶ ላይ ሳሳርፍ "ላኪ! ላኪ! ላኪ!" ብላ ስትጮህ ጣቴን የቆረጥኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። ላኪ ማለት አይሆንም ማለት ነው። ከአፏ የሚወጣው ግማሹ ነገር ላኪ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሮስቶ ሰንበትበት ካለ አትሸጠውም፣ ትጥለዋለች። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ዘነበች ይሄ ነገር ያንገበግባቸዋል።

"ጫልቱ፣ ምን ሆነ ብለሽ ነው? ሽታ የለው፣ መልኩ ያው!"

"ሽታ ካመጣማ ውሻም ያውቀዋል፣ እኔን ምን ብለሽ ቀጠርሽኝ?"

"እሺ ለውሻው እንኳን ስጪው!"

"ውሻው ምን አደረገኝ?"

እትዬ ዘነበች እየተራገሙ ይሄዳሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ሥጋ ሲጣል የሚያስችለው ማን አለ? እኔም አላስቻለኝም። አንድ ቀን "አዴ፣ ፍሪጅ ውስጥ እኮ ነው ያደረው፣ ብርዱ ይገለዋል" አልኳት፤ ተህዋሲውን ማለቴ ነው። ሳቀችብኝ። ስትስቅ ትከሻዋ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ድምፅ የላትም።

"ኢንተላኮ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ "የት ነው የተወለድኩት?"

"ጀልዱ።"

"የጀልዱ ብርድ ገደለኝ?"

"ኧረ እንዲያውም አወፈረሽ።"

"አየሽ? ሌሎቹ ብርድ ሲነካቸው ይተኛሉ። አንዱ ግን የጀልዱ ልጅ ነው። ቀስ እያለ እዚያው ብርዱ ውስጥ ይራባል። እሳት ነው የሚገለው፣ ፍሪጅ አይገለውም።" የምግብ ንጽህና ስልጠና ላይ ሊስቴሪያ ብለው ጽፈው አሳይተዋታል፤ እሷ ግን የጀልዱ ልጅ እንዳለችው ቀረ። ወጥ ቤቱ ሁሉ እንደዚያ ይለው ጀመር። "በሩን ዝጊው፣ የጀልዱ ልጅ እንዳይገባ" እንባባላለን፣ እንስቃለን።

የማትስቅበት አንድ ጊዜ ነበር፤ የሁዳዴ መጨረሻ። እንደምታውቁት በሁዳዴ ሥጋ የሚሠራ ቤት ፍሪጁን ይነቅላል። በሩ ይዘጋል፣ ውስጡ እርጥበት ይይዛል፣ ሁለት ወር ገደማ የሚያየው የለም። ፋሲካ ሲደርስ ይሰካል፣ ከበረደ በቃ፣ ሥጋው ይገባል። በየቤቱ እንደዚያ ነው። እሷ ግን ከሰሙነ ሕማማት በፊት ጀምራ ፍሪጁን ግቢ አስወጥታ፣ መደርደሪያውን አውልቃ፣ በፈላ ውሃ፣ በሳሙና፣ በበረኪና፣ ደግማ ደጋግማ ታጥበዋለች። አንድ ዓመት ደክሞኝ "አዴ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሥጋ ያልገባበት ፍሪጅ ምን ይታጠባል?" ብላት ዞር ብላ አየችኝ።

"የጾምነው እኛ ነን" አለችኝ። "የጀልዱ ልጅ አልጾመም።"

ፊቷን ሳየው ለመሳቅ የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁ።

ሌላም ነገር ነበራት። ቅዳሜ ሥዑር ሥራዋን ጨርሳ ባኮ ኩለኒ ዘንድ ትሄዳለች። መናኸሪያው ያን ቀን ትርምስ ነው፤ ዶሮ የያዘ፣ በግ የሚጎትት፣ ቅርጫውን በፌስታል ያንጠለጠለ። አዴ ጫልቱ መሀል ላይ አንድ ማዳበሪያ ድንች ተሸክማ! ራሷ ከጀልዱ ሴቶች ላይ መርጣ የገዛችው። ሥጋ ቆራጭ፣ የሆቴል ሠራተኛ፣ ለዚያውም ለፋሲካ። እኔ ደግሞ አፌ መቼ ያርፋል? "አዴ፣ ጾሙን ልታራዝሚባት ነው እንዴ? እኛ ስንፈስክ ልጅሽ ድንች?" እላታለሁ። "ባኮ በቆሎ እንጂ ድንች የለም" ትላለች፣ ማዳበሪያውን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። ረዳቱ "እማማ፣ ሥጋው የታለ?" ብሎ ሲያሾፍባትም መልሷ ይኸው ነው።

አሁን የሰላምን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ነው ሁሉ ነገር የገባኝ።

ሰላም የእትዬ ዘነበች ልጅ ናት፣ አንድ ልጃቸው። አግብታ ብዙ ጊዜ መውለድ አቅቷት፣ ጸበሉም ስለቱም ሐኪሙም ተሞክሮ፣ በመጨረሻ አረገዘች። እትዬ ዘነበች መሬቱን ረግጠው አይሄዱም ነበር ከደስታ። አንድ ቀን ሰላም ሆዷን ደግፋ ወጥ ቤት መጣች።

"አዴ፣ ያችን ቀዝቃዛዋን ሮስቶ ቁረጪልኝማ። ስለሷ ሳስብ ነው ያደርኩት።"

"ላሙቅልሽ።"

"አይ፣ ትኩሱ ሽታው ያቅለሸልሸኛል። ከፍሪጅ እንደወጣ ነው ያማረኝ።"

"ላኪ" አለች አዴ።

የቀለደች መስሎን ነበር። ነፍሰ ጡር አማረኝ ብላ ይከለከላል? በእኛ አገር መንገድ የምታልፍ፣ ስሟን የማታውቃት ሴት እንኳን ሽታ ሸቷት ቆም ካለች ጠርተህ ታቀምሳታለህ። ዕቃ አጣቢዋ አማተበች። እኔ "ኧረ አዴ፣ በእመብርሃን!" ብዬ ቢላውን አነሳሁ፤ ልቆርጥላት። አዴ ፍሪጁን ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። ሰላም ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱ።

"ጫልቱ፣ ምን ነካሽ? በልጅ ልጄ ላይ ምልክት ልታወጪበት ነው?"

"ሞቆ ትብላ።"

"ሥጋው ተበላሽቷል?"

"አልተበላሸም።"

"ለደንበኛ ትሸጪው የለም እንዴ?"

"እሸጠዋለሁ። ለነፍሰ ጡር ግን ሳይሞቅ አልሰጥም፤ እርግዝናዋ ከታየኝ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።"

"ይቺ ማንም አይደለችም፣ ልጄ ናት! ወይ ትሰጫታለሽ፣ ወይ ሽርጥሽን ታስቀምጫለሽ።"

አዴ ሽርጧን ፈታች። አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ሽርጡ ይኸው" አለች። "ከዚህ ግን አልነሳም።" ከደመወዟ ሌላ የላትም፣ ልትጦራት የምትችለው ኩለኒም ኑሮዋ ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ያን ሁሉ እያወቀች ነው እንደዚያ የቆመችው።

ከዚያ ሰላምን አየቻትና ድምጿ ተለወጠ። "ኢንተላኮ፣ አታልቅሺ። ቀዝቃዛ አይደል ያማረሽ? ቀዝቃዛ ትበያለሽ። ትንሽ ብቻ ታገሺኝ።" ከሥጋ ቤት አዲስ ሥጋ አስመጣች። ቶሎ ውስጡ ድረስ እንዲበስል ስስ አድርጋ ቆርጣ አበሰለችው፣ ክዳን ያለው ድስት ውስጥ አድርጋ በበረዶ ውሃ ዘፈዘፈችው፣ ውሃው ለብ ሲል ትቀይራለች፣ ደግማ ትቀይራለች። ቢላውንም ሳህኑንም በፈላ ውሃ ነከረች። ማሽኑን አልነካችውም። ሰላም ፊት ስታቀርበው "በርዷል" አለቻት፣ "ግን አላደረም።" ሰላም ጣቷን እየላሰች በላች። እትዬ ዘነበች ሽርጡን ከጠረጴዛው አንስተው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት የአዴ ሽርጥ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘነው።

ያን ቀን ስንወጣ ባጃጅ አልያዝንም፣ በእግራችን ሄድን። "አዴ፣ ምን ሆነሽ ነው? ልትባረሪ እኮ ነበር" አልኳት። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ጊንጪ ከተማ፣ ሆቴል ስሠራ ነው" አለች። "እዚያም በሁዳዴ ፍሪጁ ይነቀላል። ለፋሲካ ሰካነው፣ በረደ፣ ነጭ ነው፣ ሽታ የለውም። ማንም አላጠበውም። እኔም አላጠብኩትም። ሮስቶ አብስለን አስገባን። ኩለኒ ያኔ የመጀመሪያዋን አርግዛ ለበዓል እኔ ዘንድ መጥታለች፤ ቀዝቃዛ ሥጋ አማረኝ አለችኝ። እናት አይደለሁ? ደስ ብሎኝ በፌስታል ጠቅልዬ አመጣሁላት። በእጄ አጎረስኳት፣ ጥሩዬ። በዚህ በእጄ።"

እጇን ዘርግታ አየችው፤ እኔም አየሁት።

"ሳምንታት አለፉ። ከዚያ ትንሽ አተኮሳት፣ ጉንፋን መሰለን። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ሐኪሙ ምን በላች አለኝ፣ ያስታወስኩትን ሁሉ ነገርኩት፤ ሥጋውን አልነገርኩትም። ልደብቀው ብዬ አይደለም፣ ከፍሪጅ የወጣ ነገር ይጎዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። አምቦ ከመጣሁ በኋላ በስልጠና ላይ ስለዚያ ብርድ ስለማይገለው ሲናገሩ፣ ነፍሰ ጡር ላይ ምን እንደሚያደርግ ሲናገሩ፣ ተነስቼ ወጣሁ። ሽንት ቤት ገብቼ ጮህኩ።"

"እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"አላውቅም። የመረመረ የለም። አለመሆኑንም ግን አላውቅም።"

"ኩለኒስ ታውቃለች?"

"ምን ብዬ ልንገራት?" አለችኝ። "ከዚያ በኋላ አልወለደችም። ባሏም ትቷት ሄደ። ያጎረስኩሽ እኔ ነኝ ልበላት? በማርያም ጥሩዬ፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ።"

ከዚያ ወዲህ በድንቹ አልቀለድኩም። እንዲያውም ማዳበሪያውን እስከ መናኸሪያ የማደርስላት እኔ ሆንኩ። መንገድ ተዘግቶ ባኮ መሄድ ያልቻለችበት አንድ ፋሲካ ነበር፤ ድንቹ እቃ ቤታችን ውስጥ አቆጠቆጠ። በየቀኑ እየገባች ታየው ነበር፣ ጣይው ስትባል ላኪ ትላለች። ሰላም ጤነኛ ልጅ ወልዳ ነበር ያኔ። ግቢ ውስጥ ሲድህ አዴ በመስኮት ታየዋለች። ያ ሮስቶ ይጎዳው ነበር ወይስ ምንም አያደርገውም ነበር፣ ማን ያውቃል? እሷም አንድ ቀን "አዳንኩት" ብላ አታውቅም። ዝም ብላ ታየዋለች፣ ከዚያ ወደ ማሽኗ ትመለሳለች።

ኋላ ላይ ሆዷን ያማት ጀመር፣ ከሳች። ሐኪሞቹ በሽታው ቆይቷል አሏት። እትዬ ዘነበች አዲስ አበባ ድረስ አሳክመዋታል፣ ውለታቸው አይረሳም። አልሆነም። ኩለኒ መጥታ ወደ ባኮ ወሰደቻት። ስትሄድ ጆሮዬ ላይ "አሁን እነግራታለሁ" አለችኝ። "ይዤው አልቀበርም።"

ስልክ ስደውልላት ድምጿ ከቀን ቀን ይሳሳል። "ነገርሻት?" እላታለሁ።

"እንዴት አድርጌ?" ትለኛለች። "አፌን ልከፍት ስል ብድግ ትልና ወጥ ቤት ትገባለች።"

ካረፈች በኋላ ባኮ ለቅሶ ልሄድ ስነሳ እትዬ ዘነበች "ለለቅሶው ቤት የሚሆን ሮስቶ ይዘሽ ሂጂ፣ በባዶ እጅ አይሆንም" አሉኝ። "እትዬ!" አልኳቸው፣ "ቆላ እኮ ነው፣ መንገዱ ረጅም፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለዚያውም በአዴ ለቅሶ?" አፋቸውን ያዙ። ከዚያ እንባቸው መጣ። ገበያ ሄጄ አንድ ማዳበሪያ የጀልዱ ድንች ገዛሁ። ሌላ ምን ይዤ እንደምሄድ አላወቅሁም።

ባኮ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሙቀቱ ያፍናል። መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ ኩለኒ ብትጠይቀኝስ? ማዳበሪያውን ከትከሻዬ ሳወርድ አየችው። አየችውና እናቷን ያየች ያህል ጮኸች። ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጧት።

ሰው ቀለል ሲል እጄን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችኝ።

"ጥሩዬ፣ እማዬ ነግራሽ ነበር አይደል?" አለችኝ።

"ምኑን?" አልኳት።

"ተይ። ፊትሽ ላይ ይታያል።" ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች። "ልጄ ከሞተ በኋላም ለፋሲካ ሥጋ ታመጣልኝ ነበር። አንድ ፋሲካ በድንገት ድንች ይዛ መጣች። ሥጋውስ ስላት ፊቷን አዞረች። በሚቀጥለውም ድንች። ከዚያ ወዲህ ሥጋ በእጇ አላጎረሰችኝም። ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ ሄጄ፣ ፍሪጅ ያደረ ሥጋ ነፍሰ ጡርን ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ። ከዚያ በፊትም ግን ድንቹ ነግሮኛል።"

"እና ዝም አልሻት?"

"ማወቄን ካወቀች ትሞትብኛለች ብዬ። መጨረሻ ላይ 'ኩለኒ' ትለኛለች፣ ልትነግረኝ እንደሆነ ዓይኗ ላይ አየዋለሁ። ሳትጀምረው ብድግ እላለሁ። 'እማዬ፣ ድንች ልቀቅልልሽ?' እላታለሁ።"

ቆሜ አላስቻለኝም፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ነበረብኝ" አለች ኩለኒ። "አንድ ቃል እኮ ነው። አልወጣኝም። የመጨረሻ ቀን ምንም አትበላም ነበር። ድንቹን ቀቅዬ ላጥኩት፣ ደቆስኩት፣ ትንሽ ጨው ነስንሼ በእጄ አጎረስኳት። አልፈልግም ስትል 'በሞቴ' አልኳት። ዓይን ዓይኔን እያየች ዋጠችው። ደግሜ አጎረስኳት።" እንባዋን በክንዷ ጠረገች። "ገብቷት ይሆን ጥሩዬ?"

አላውቅም። እንዴት ላውቅ እችላለሁ? "ገብቷታል" አልኳት።

ከዚያ የማዳበሪያውን አፍ ፈታሁ። ለቀስተኛው ብዙ ነበር፣ ትልቁን ድስት ጣድንና መላጥ ጀመርን።